ለስላሳ የተባለ ትንባሆ ድሬ ላይ ለምን ይለበልባል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው፤ 46 ዓመቴ ነው። ውጭ አገር ያለችው እኅታችን ባለ 100 ግራም አንድ ቆርቆሮ የፒፓ ትንባሆ ላከችልን። ላዩ ላይ «ቨርጂኒያና ጥቁር ካቨንዲሽ፣ ለስላሳ» ይላል። ግማሹን በፌስታል ቋጥሬ ለራሴ አስቀረሁና ግማሹን ከነቆርቆሮው ሐረር ላለው ወንድሜ ላክሁለት። እሱ «ማር ነው፣ ቫኒላው ብቻ ይበቃል» ይላል። እኔ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ሁለት ጊዜ ሞከርሁት፤ ምላሴን ለበለበኝ፣ ጣዕሙም የተቃጠለ ወረቀት ሆነብኝ። ፒፓው የአባቴ ነው፤ ምድር ባቡር ሲሠሩ ያጨሱበት የነበረ። እኔ የለመድሁት ሲጋራ ነው። እውነት የላከችልን አንድ ዓይነት ትንባሆ ነው? ለስላሳ መሆኑንስ በምን ልፍረድ?

መልስ፦ አቦ፣ ትንባሆው አንድ ነው፤ የተለያየው ማስቀመጫው ነው። (ድሬ ላይ «አንቱ» ማለት ኩርፊያ ስለሚመስል አንተ እያልን እንቀጥላለን።) ወንድምህ የቀመሰው ትንባሆውን ነው። አንተ የቀመስኸው ግን ድርቀቱን፣ ጫቱንና አባትህ በፒፓው ውስጥ ትተውት የሄዱትን የድሮ ትንባሆ ነው። ሦስቱ ሳይነሱ ስለ ቅጠሉ መፍረድ አይቻልም።

በመጀመሪያ «ለስላሳ» የሚለውን ቃል እናፍታታው፤ የእናንተም ክርክር ግማሹ እዚያ ላይ ነው። ሰው ትንባሆን ለስላሳ ሲለው ከሦስት ነገር አንዱን ማለቱ ነው። ወይ ጉልበት የለውም፣ ማለትም ኒኮቲኑ ትንሽ ነው፤ ወይ ምላስ አይለበልብም፤ ወይ ጣዕሙ አፍ ሞልቶ አይጫንም። ሦስቱ አብረው አይሄዱም። ላታኪያ የሚባለው፣ በጭስ የሚታጠነው የቆጵሮስና የሶርያ ቅጠል፣ ሽታው በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃን ያስታውሳል፤ ቤቱን ሁሉ ይሞላዋል፤ ኒኮቲኑ ግን ያን ያህል አይደለም። በርሊ የሚባለው ቅጠል ደግሞ አፍ ላይ ጭምት ነው። የተቆላ የባቢሌ ኦቾሎኒ የሚመስል ሽታ ሰጥቶህ ዝም ይላል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ግንባርህን ሲያልብህና ስቅታ ሲይዝህ ነው ጉልበቱን የምታውቀው። ያንተው ቨርጂኒያ ጉልበቱ ከመካከለኛ አይበልጥም፤ ሲቸኩሉበት ግን ምላስ በመለብለብ የሚስተካከለው የለም። ስኳር አለበትና።

ቨርጂኒያ ከተለቀመ በኋላ በተዘጋ ቤት ይሰቀላል፤ እሳቱ ውጭ ሆኖ ሙቀቱ በቱቦ እየገባለት በአንድ ሳምንት ገደማ ይደርቃል። ቶሎ ስለሚደርቅ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ስኳር ሳያልቅ ይቀራል፤ ቢጫነቱም ጣፋጭነቱም ከዚያ የመጣ ነው። በርሊ በጥላ ሥር በነፋስ ለሳምንታት ስለሚሰነብት ስኳሩ ያልቅበታል። ካቨንዲሽ የቅጠል ስም ሳይሆን አሠራር ነው፤ ቅጠሉ ማጣፈጫ ይጠጣና በእንፋሎትና በጫና በስሎ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል። ቫኒላው ደግሞ በመጨረሻ የሚረጭ ሽቶ ነው፤ ሲበንም የሚቀድመው እሱው ነው። በድሬ ሙቀት ሦስት ሳምንት ፌስታል ውስጥ ከተቀመጠ ትንባሆ ውስጥ ቫኒላ ፈልጎ ማጣት አይገርምም።

አሁን ወደ ድርቀቱ። ለፒፓ የሚመች ትንባሆ ከክብደቱ ከ12 እስከ 15 በመቶው ውኃ ነው። ያ ውኃ እሳቱን ይይዘዋል፤ ቅጠሉ ፍም ሆኖ እንዲጤስ እንጂ እንደ ገለባ ቦግ ብሎ እንዳይነድ ያደርገዋል። ሲደርቅ ይፈጥናል፣ ይግላል፤ የጋለ ጭስ ምላስ ያቃጥላል፣ ሽታውንም ይበላዋል። «የተቃጠለ ወረቀት» ያልኸው ይኸው ነው። ከመጠን በላይ ከረጠበም መዳኛ የለም፤ ውኃው እንፋሎት ይሆንና ምላስን ይቀቅላል፣ ፒፓውም እንደ ጋያ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። መለኪያው ጣትህ ነው። ቆንጠር አድርገህ በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ ጨምቀህ ልቀቀው። ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል፤ ቀጭ ብሎ ከተፍረከረከ ደርቋል፤ ቀስ ብሎ ከተዘረጋ ደርሷል። አዲስ የተከፈተ ቆርቆሮ ብዙውን ጊዜ እርጥብ ስለሚሆን፣ ሐረር ያለው ወንድምህ ለአንድ ሙሌት የሚሆነውን ወረቀት ላይ ዘርግቶ ግማሽ ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል። ድሬ ላይ በግንቦት አሥር ደቂቃም ይበዛ ይሆናል፤ ሰዓትህን ትተህ ጣትህን እመን።

የደረቀውን መመለስ ይቻላል። ብዛቱ ስንት እንደሆነ እንመልከት፦ 50 ግራሙ ሲመጣ 14 በመቶ ውኃ ነበረው እንበል፤ 7 ግራም ውኃ፣ 43 ግራም ቅጠል። አሁን ወደ 8 በመቶ ቢወርድ ሚዛን ላይ 47 ግራም አካባቢ ነው። የጠፋው 3 ግራም፣ ማለትም የሻይ ማንኪያ ግማሽ ትንሽ አለፍ ያለ ውኃ ብቻ ነው። ወርቅ ቤት ወዳጅ ካለህ በሚዛኑ አስመዝነው፤ ስሌቱ ይገባሃል። ይህን ያህል ትንሽ ውኃ ግን በእጅ አይረጭም። አንዱ ቅጠል ይበሰብሳል፣ አጠገቡ ያለው እንደደረቀ ይቀራል፣ በሳምንቱ ሻጋታ ይመጣል። ይልቅ ትንባሆውን በጎድጓዳ ሳህን ሳስተህ ዘርጋ፤ ረጥቦ በደንብ የተጨመቀ የጥጥ ጨርቅ ቅጠሉን ሳይነካ በአፉ ላይ ወጥረህ እሰርበት። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጠው፤ ጨርቁ ከደረቀ (ድሬ ላይ ይደርቃል) መልሰህ አርጥበው። ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ይበቃዋል። ጣት ላይ ሲደርስ ክዳኑ ጎማ ባለው የጠርሙስ ዕቃ ዘግተህ ሁለት ቀን አሳርፈው፤ እርጥበቱ ከቅጠል ቅጠል የሚዳረሰው ያን ጊዜ ነው። የድሬ ውኃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት እንደሚተው እያሰብህ ስለ ጨርቁ አትስጋ፤ ወደ ትንባሆው የሚሄደው እንፋሎቱ ብቻ ነው፣ ኖራው ጨርቁ ላይ ይቀራል። የብርቱካን ልጣጭ ወይም የድንች ቁራጭ ጨምርበት የሚሉህን አትስማ፤ የምታገኘው የብርቱካን ሽታና ሻጋታ ነው።

አንድ ነገር ግን አይመለስም፤ የበነነው ቫኒላ። ስለዚህ ያንተን ግማሽ አርጥበህ አጭሰው፣ ለፍርዱ ግን ከወንድምህ 10 ግራም አስልክ። አንድ መካከለኛ ፒፓ ከ2 ግራም ተኩል እስከ 3 ግራም ይይዛል፤ 10 ግራም ለሦስት ሙሌት ይበቃል። ከሦስት በታች በሆነ ሙሌት የተሰጠ ፍርድ ደግሞ ፍርድ አይባልም፤ አንዱ ቀን በጥቅጠቃ ይበላሻል፣ አንዱ ቀን በአንተው አፍ።

የአባትህ ፒፓ ትልቅ ንብረት ነው። የተሠራበት እንጨት የአስታ ሥር ጉጥ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ደጋ ላይ አስታ የምንለው ዛፍ ነው በሜድትራንያን ዳርቻ ለፒፓ የሚቆፈረው። ነገር ግን ፒፓ ያጨሰውን አይረሳም። ለዓመታት የገባበት ጠንካራ ትንባሆ፣ ትንባሆው በሚሞላበት ጎድጓዳ ግድግዳ ላይ በተጋገረው የከሰል ሽፋን ውስጥ ተቀምጧል፤ ለስላሳ ነገር ስትሞላበት በሁለተኛው ደቂቃ ብቅ ይላል። ሽፋኑን ደነዝ ጫፍ ባለው ቢላዋ ዙሪያውን በእኩል እየፋቅህ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ተውለት፤ እንጨቱን ከእሳት የሚጠብቀው እሱ ስለሆነ ጨርሰህ አታንሳው። ከዚያ ጎድጓዳውን በጥጥ ሙላና ዳግም አረቄ አንጠባጥብበት፤ አድሮ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ታገኘዋለህ። በአዲስ ጥጥ ድገመው፤ ጥጡ ነጣ ብሎ ሲወጣ ፒፓውን ሦስት ቀን በጥላ አድርቀው። ኡዞ እንዳትጠቀም፤ አኒሱ ሌላ ጋኔን ያስገባብሃል። የቁስል ማጽጃ አልኮልም አይሁን። ቱቦውን በጥጥ በለበሰ ቀጭን ሽቦ ጥረገው። መምጠጫውን ከጎድጓዳው የምትነቅለው ፒፓው ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው፤ በሙቀቱ ከነቀልኸው መጋጠሚያው ይሰነጠቃል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የአባትህ ፒፓ ለመቅመሻ ሁለተኛ ምርጫ ነው። ለመፍረድ የሚሻለው ታሪክ የሌለው ፒፓ ነው፤ የሸክላ፣ ወይም አሜሪካኖች ሚዙሪ ላይ ከበቆሎ ቆረቆንዳ የሚሠሩት ርካሹ። እኅትህ በሚቀጥለው ጊዜ እሱን ብትጨምርልህ ትንባሆ ከመጨመር ይሻላል። ጋያ አይሆንም፤ ጭሱ ውኃ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ሁሉም ነገር ለስላሳ ይመስላል።

በርጫ ላይ መቅመስ ይቅር። ጫት አፍ የሚያኮማትር ነገር አለው፤ ምራቅንም ያደርቃል። ምላስን ከጋለ ጭስ የሚጋርደው ደግሞ ምራቅ ነው። የደረቀ ምላስ ላይ የትኛውም ትንባሆ ይለበልባል፤ ከዚያም የስኳር ሻይ ሲከተል የቨርጂኒያው ጣፋጭነት ጨርሶ አይሰማም። ሰዓቱ ጠዋት ይሁን፤ ቁርስ በልተህ አንድ ሰዓት ቆይተህ፣ ቡናም ቁቲም (የቡና ቅጠል ሻይ) ሳትጠጣ፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ጀምሮ ሲጋራ ሳትነካ። ባዶ ሆድ ክልክል ነው፤ ያጥወለውላል። ዕጣን የጨሰበት ክፍል ውስጥ አይሁን። ቬንትሌተሩንም አጥፋ፤ ነፋስ ፍሙን ያራግበዋል፣ አንተ ዝግ ብትልም እሱ ያስቸኩለዋል። ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ አቧራ የሚያስነሳው ንፋስ ሲነሳም ያው ነው። ለብ ያለ ውኃ ከጎንህ ይኑር። ቦታው የራስህ ግቢ ይሁን፣ ልጆች ከሌሉበት፤ ካፌና ሆቴል ውስጥ ማጨስ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል። እስከዚህ ከደረስን ሌላውንም እንንገርህ፦ «ለስላሳ» የጣዕም ቃል እንጂ የጤና ቃል አይደለም። የፒፓ ጭስ ወደ ሳንባ ባይሳብም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል፤ ሲጋራ የለመደ ሰው ደግሞ ሳያስበው ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ያኔ ሳንባውም አይተርፍም።

ሙሌቱን በሦስት አድርገው። የመጀመሪያውን ሲሶ ብትን አድርገህ ጣል፣ ሳትጫነው፤ ሁለተኛውን ለስለስ አድርገህ ተጫነው፤ ሦስተኛውን ጠበቅ አድርገው። የፒፓ አጫሾች የቆየ አባባል «የሕፃን እጅ፣ የሴት እጅ፣ የወንድ እጅ» ይላል (አባባሉን ያወጣው ሰው ሊጥ የሚያቦካ የሴት እጅ አላየም)። ሳትለኩሰው ሳብ አድርገው፤ ለስላሳ መጠጥ በቀጭን ስትሮው እንደመሳብ ያለ ትንሽ መያዝ ሊኖረው ይገባል። ምንም ካልያዘህ ላልቷል፣ ይግላል፤ ጉንጭህ ከጎደጎደ ታፍኗል፤ አውጥተህ እንደገና ሙላ። ክብሪት ስትጭር ድኙ እስኪነድ ሁለት ሰኮንድ ጠብቅ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ጣዕም ድኝ ነው። ነበልባሉን በላዩ እያዞርህ ሳብ ሳብ አድርግ፤ ትንባሆው ያብጥና ይነሳል። ይጥፋ፤ አመዱን በመጠቅጠቂያ ወይም በጠፍጣፋ የሚስማር ራስ ለስለስ አድርገህ አስተኛውና ሁለተኛ ለኩሰው። አሁን ነው በትክክል የተለኮሰው።

ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር ፍጥነት ነው። ሲጋራ የለመደ ሰው እንደ ሲጋራ ይስባል፤ ያን ጊዜ ቨርጂኒያ ይቆጣል። ከጀበና የወረደ ትኩስ ቡና ፉት እንደምትለው፣ ትንሽ ትንሽ፣ በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ። ጎድጓዳውን ጉንጭህ ላይ አስነካው፤ ማስቀመጥ ካልቻልህ ቸኩለሃልና ሁለት ደቂቃ አሳርፈው። ቢጠፋብህ አትፈር፤ በሙሌት ሦስት አራት ጊዜ መልሶ መለኮስ የተለመደ ነው። ዝግታው የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ለማየት፣ በዓለም የፒፓ ውድድር ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ የሚሰጠው 3 ግራም ትንባሆና ሁለት የክብሪት እንጨት ነው፤ ከሦስት ሰዓት በላይ ያቆዩትም አሉ። አንተ 45 ደቂቃ ካቆየኸው ለመቅመስ ይበቃሃል።

መቅመሱ የሚጀምረው ከእሳቱ በፊት ነው። ቅጠሉን ጨብጠህ አሽትተው፣ ከዚያ ሳትለኩስ የሳብኸውን አየር ቅመሰው፤ ጻፈው። ሲነድ ጭሱን አፍህ ውስጥ ያዝና ጥቂቱን በአፍንጫህ ቀስ ብለህ አውጣው፤ ወደ ሳንባ ሳይሆን ከአፍ ወደ አፍንጫ ብቻ። ምላስ ጣፋጭ፣ ጎምዛዛ፣ መራራ፣ ጨው ከማለት ብዙ አያልፍም፤ ሌላው ሁሉ የአፍንጫ ሥራ ነው። የባዕድ አገር ቃል አትበደር፦ ድርቆሽ፣ የዳቦ ቅርፊት፣ ቴምር፣ ዘቢብ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ ቆሎ፤ ያወቅኸውን ጥቀስ። የመጀመሪያው ሲሶ የቫኒላው ነው፤ እሱን ሰምተህ አትፍረድ፤ ሽቶ በማንኛውም ቅጠል ላይ ይረጫል። መካከለኛው ሲሶ ላይ ቫኒላው ይለቅቅና ቅጠሉ ብቻውን ይቀራል። እኛ ለስላሳ ድብልቅን የምንለካው እዚህ ነው፤ የድርቆሽና የዳቦ ጣፋጭነት ከተገኘ ጥሩ ትንባሆ ነው፤ ሙቅ አየር ብቻ ከሆነ ሽቶ ነው የገዛችሁት። የመጨረሻው ሲሶ እርጥበትና ጥላሸት ስለሚጠራቀምበት ሁልጊዜ ይከብዳል፤ ክብደቱ ነጥብ አያስቀንስበትም፣ ምሬቱ ያስቀንስበታል። ቡልቅ ቡልቅ ካለ ጥጥ የለበሰውን ሽቦ አስገብተህ አድርቀው እንጂ በጭላጩ አትፍረድ። አመዱ ነጭ ሆነ ብለው የሚያደንቁም አሉ፤ በእኩል ነዷል ማለት ነው፣ ከዚያ ያለፈ ትርጉም አይሰጠውም።

በየሙሌቱ አራት መስመር ጻፍ፦ በጣት ሲፈተን እንዴት እንደነበር፣ ስንት ጊዜ መልሰህ እንደለኮስህ፣ መካከለኛው ሲሶ ምን እንዳለህ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ምላስህና ጨጓራህ ምን እንዳሉህ። አራተኛው መስመር ጉልበትንና መለብለብን ይለይልሃል፤ ምላስህ ደህና ሆኖ ራስህ ከዞረ ኒኮቲን ነው፣ ያን ጊዜ ጣፋጭ ሻይ ፉት ብለህ ተቀመጥ። ራስህ ደህና ሆኖ ምላስህ ሻካራ ከሆነ ሙቀት ነው፤ ጥፋቱ የቅጠሉ አይደለም።

ከወንድምህ ጋር ያለው ክርክር ደግሞ በሲኒ ይፈታል። ያንተን ያረጠብኸውንና የእሱን ትንባሆ ያዙ። ሌላ ሰው በሦስት ሲኒ ይጨምርላችሁ፤ ሁለቱ ውስጥ አንዱን ዓይነት፣ በሦስተኛው ሌላውን፣ ምልክቱ ከሥር። ዓይንህን ጨፍነህ እያሸተትህ ልዩውን አውጣ። ሲኒዎቹ እየተቀያየሩ አምስት ጊዜ ይደገም። በግምት ብቻ ከአምስት አራትና ከዚያ በላይ የመምታት ዕድል ከመቶ አምስት አይሞላም፤ አራት ከመታህ ልዩነቱ የእውነት ነው። ሦስትና ከዚያ በታች ከሆነ ልዩነቱ ከማሽተት አቅምህ በታች ነውና ወደ ፒፓውና ወደ ፍጥነትህ ተመለስ።

ይህን ሐረር ላይ አድርጉት፤ ደጋ ነው፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ቅጠሉ ሲኒ ላይ ቶሎ አይደርቅም። ስትወጣ ያንተን ትንባሆ በጠርሙስ ዕቃው ዘግተህ በጨርቅ ጠቅልለውና መቀመጫህ ሥር አድርገው። ከሚኒባሱ የፊት መስታወት ሥር ካስቀመጥኸው ደንገጎ ሳትደርስ ይቀቀላል፤ ወንድምህም እንደገና ይረታሃል።